ስድስት ራስ በቆሎ፦ ስለ ላማሌራ መንደር ያደረግሁት ንግግር

ጎህ ሳይቀድ አንዲት ሴት ከቤቷ ትወጣለች። ጭንቅላቷ ላይ ሳፋ አለ። ሳፋው ውስጥ በፀሐይ የደረቀ ሥጋ ቁራጭ በቁራጭ ተደርድሯል፣ ከጎኑ በጨርቅ የተቋጠረ ጨው አለ። መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ድንጋይ ነው። ተራራው ላይ ካሉት መንደሮች ስትደርስ ሥጋውን ሰጥታ በቆሎ ትቀበላለች። ገንዘብ የሚባል ነገር አይነሣም። ፀሐይ ሳይከር ሳፋውን በቆሎ ሞልታ፣ በሄደችበት ተመልሳ ቁልቁል ትወርዳለች።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚች ሴት ነው። ስለ መንደሯ ከሚወራው ውስጥ እሷ ብዙ ጊዜ አትገኝም፤ እኔ ግን መንደሩን አቁማ የያዘችው እሷ ትመስለኛለች።

ንግግሩን ያደረግሁት ለአንድ የንባብ ቡድን ነበር። ያልመጡ ሰዎች በጽሑፍ ስጠን ስላሉ ነው ያሰፈርኩት። አነጋገሩን ብዙም አልነካካሁትም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኢንዶኔዥያ ሲባል አብዛኞቻችን ጃካርታን ወይ ባሊን ነው የምናስበው። አገሩ ግን ከ17,000 በላይ ደሴቶች አሉት፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ 270 ሚሊዮን ሕዝብ ተቆጥሮበታል። እኔ የማወራላችሁ መንደር ላማሌራ ይባላል። በምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ ክፍለ ሀገር፣ ሌምባታ በምትባል ደሴት ደቡብ ዳርቻ ላይ ነው ያለው። የደሴቲቱ ዋና ከተማ ሌዎሌባ በሰሜን በኩል ናት። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ በመርከብ ይመጣል፣ ከዚያ የጭነት መኪና ላይ አግዳሚ ወንበር ተሠርቶለት ሰውም፣ ሩዝም፣ ሲሚንቶም፣ ፍየልም አንድ ላይ ተጭኖ ይኬዳል። ኪሎ ሜትሩ ብዙ አይደለም። መንገዱ ግን ሰዓታት ይፈጃል፣ ወገብ ይሰብራል፣ በክረምት ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል።

መንደሩ ገደል ላይ እንደ ተለጠፈ ነው። ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር አለው። ከጀርባው ላባሌካን የተባለው እሳተ ገሞራ ተራራ ቆሟል፣ ከፊቱ የሳዉ ባሕር ተዘርግቷል። መሬቱ ቋጥኝ ስለሆነ ይህ ነው የሚባል እርሻ የለም። ሰዎቹ እዚህ ድንጋይ ላይ ለምን ሰፈሩ ብትሉ፣ ራሳቸው የሚነግሯችሁ ታሪክ አለ። አባቶቻችን ሌፓን ባታን ከምትባል ደሴት የመጡ ናቸው ይላሉ፤ ደሴቲቱን ማዕበል አጥፍቷት ሸሽተው ነው የመጡት። ቀድሞ የነበረው ባለመሬት ደግሞ ዳርቻውን ሰጣቸው። የባለመሬቶቹ ጎሳዎች ዛሬም እዚያው አሉ። በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ የባሕሩ ወቅት ሊከፈት ሲል፣ ተራራው ላይ ወጥተው ዓሣ ነባሪዎቹን በሥርዓት የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ስደተኛው ያለ ባለመሬቱ ጸሎት ወደ ባሕር አይወጣም ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ወደ ባሕሩ። ላማሌራን ዓለም የሚያውቃት በዓሣ ነባሪ አደኗ ነው። የሚያድኑት ጥርስ ያለውን፣ ራሱ ትልቅ የሆነውን፣ ስፐርም የሚባለውን ዓይነት ነው፤ እነሱ ኮተክሌማ ይሉታል። ወንዱ እስከ 16 ሜትር ይረዝማል። የሚወጡበት ጀልባ ከእሱ ያንሳል። ጀልባው በአገራቸው ቋንቋ ቴና ይባላል፣ በብረት ሚስማር ሳይሆን በእንጨት ችካል ተያይዞ ነው የሚሠራው፣ ሸራው ከዘንባባ ቅጠል የተሸመነ ነው። ፕላን የሚባል ወረቀት የለም። ሠሪው ከአባቱ ያየውን በዓይኑ ለክቶ ይሠራዋል። ባሕሩ ላይ የውሃ ጭስ ሲታይ አንዱ «ባሌዎ!» ብሎ ይጮኻል። የሰማው ይቀባበለዋል፣ ጩኸቱ ከዳርቻው እስከ ላይኛው ሰፈር ይወጣል፣ ወንዱ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ቁልቁል ይሮጣል። ጀልባዎቹ በሣር ክዳን ዳስ ሥር ነው የሚያድሩት፤ አሸዋው ላይ ግንድ እየተነጠፈላቸው፣ ተገፍተው ወደ ማዕበሉ ይገባሉ።

ጦር ወርዋሪው ላማፋ ይባላል። መወርወር እንኳን አይባልም። ከጀልባው አፍንጫ ላይ በወጣችው የቀርከሃ መድረክ ጫፍ ይቆምና፣ ከጦሩ ጋር አብሮ ይዘላል፤ የገዛ ሰውነቱን ክብደት ጦሩ ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ ዋኝቶ መመለስ አለበት። ገመዱ እግር ይጠልፋል። ጭራው ጀልባ ይሰብራል። በ1994 ጀልባዎች በተወጉ ዓሣ ነባሪዎች ተጎትተው ወደ ቲሞር አቅጣጫ እጅግ ርቀው ሄደው፣ ጀልባዎቹ ጠፍተው ሰዎቹ በሌላ መርከብ ነው የተረፉት። ለዚህ ነው ወቅቱ ሲከፈት፣ በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መግቢያ፣ አሸዋው ላይ ባለችው የቅዱስ ጴጥሮስ ጸሎት ቤት ዘንድ ባሕር ለበላቸው ሁሉ ቅዳሴ የሚቀደሰውና ሻማ በውሃው ላይ የሚለቀቀው። መንደሩ ካቶሊክ ነው። ጀርመናዊው ካህን በርንሃርድ ቦዴ በ1920 መጥተው ነው ሃይማኖቱ ሥር የያዘው፤ የቀድሞው ሥርዓት ግን አልሞተም፣ ከመስቀሉ ጎን ለጎን ይኖራል።

አንድ የማይነካ ዓሣ ነባሪም አለ፣ ሰማያዊው፣ ትልቁ። እሱ በጥንት ዘመን አባቶቻችንን ረድቷል ብለው አይወጉትም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ካሜራ የሚወደው ክፍል ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ካሜራ አይከተለውም።

ዓሣ ነባሪው አሸዋው ላይ ከወጣ በኋላ ምን ይሆናል? ቅርጫ ታውቃላችሁ። ተዋጥተን በሬ እንገዛለን፣ በመደብ በመደብ ይከፈላል፣ ያዋጣ ይወስዳል። ላማሌራም መደብ አለ፣ ግን ባለድርሻውን የሚለየው ብር ማዋጣት አይደለም። ከእንስሳው ሰውነት እያንዳንዱ ክፍል የማን እንደሆነ ከአያት ቅድመ አያት የታወቀ ነው። ይሄ የጦር ወርዋሪው ነው፣ ይሄ የቀዘፉት፣ ይሄ ጀልባውን የሠራው፣ ይሄ ብረቱን ያጋለው ቀጥቃጭ፣ ይሄ የጀልባው ባለቤት የሆነው ጎሳ ቤት፣ ይሄ ደግሞ የባለመሬቶቹ። እነዚያ ተራራ ላይ ወጥተው የጠሩት። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይቺ ናት፤ ያ ማዕበል ያባረረው ስደተኛ ዳርቻ ለሰጠው ሰው ዛሬም ድርሻ ያወጣለታል።

ሲጠሩ ራሱ ሦስቱን ዋና ጎሳዎች «ሊካ ቴሎ» ይሏቸዋል። ትርጉሙ ሦስቱ ጉልቻ ማለት ነው። ይሄን ስሰማ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሦስቱ አንዱ ከተነሣ ድስቱ ይደፋል።

ከዚያ ድርሻው ቤት ሲገባ ደግሞ እንደገና ይከፋፈላል። ባሏ የሞተባት ጎረቤት አለች፣ ልጆቹ የሄዱበት ሽማግሌ አለ፣ ባለፈው ያበደረ አለ፣ አማች አለ። ወንዶቹን ለምን ትወጣላችሁ ብትሏቸው ብዙዎቹ የሚመልሱት «ባል የሞተባቸውንና ወላጅ የሌላቸውን ልናበላ» ብለው ነው። የታይታ ንግግር እንዳይመስላችሁ። ከባሕር በፊት የተጣላ መታረቅ አለበት፣ ጦሩ የሳተ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ጋር ተኳርፈናል?» ነው። የቤት ውስጥ ጠብ ባሕር ላይ ሰው ይገድላል ብለው ያምናሉ። እምነቱን ብንቀበልም ባንቀበልም፣ የሚሠራውን ሥራ ማየት ይቻላል፦ ድርሻ የከለከለ ሰው በሰላም አይወጣም።

አሁን ወደ ሴቲቱ። ሥጋው ተዘልዝሎ በየደጁ በቀርከሃ ላይ ይሰቀላል፣ ዘይቱ ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ ዕቃ ይደረጋል። ለእኛ ቋንጣ ማለት ነው። ሽታው ግን ከባድ ነው፣ ልብስ ላይ ይቀራል። ሲደርቅ ግን ሰው በሥጋ ብቻ አይኖርም። በቆሎው፣ ሙዙ፣ ካሳቫው፣ ሩዙ ያለው ተራራው ላይ ነው። ተራራው ላይ ያለው ሰው ደግሞ ሥጋና ጨው የለውም። የሁለቱ መገናኛ የሴቲቱ ጭንቅላት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዉላንዶኒ የሚባለው የባሕር ዳር መንደር ላይ ገበያ ይቆማል። የተራራ ሴቶች በአንድ ወገን፣ የባሕር ሴቶች በሌላ ወገን ዕቃቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ፊሽካ እስኪነፋ ማንም አይነካም። የገበያው ኃላፊ መጀመሪያ ይዞራል፣ ቀረጡንም የሚቀበለው በዕቃ ነው፤ ከዚህ በቆሎ፣ ከዚያ ዓሣ። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ብድግ ይላል። አንዷ ቁራጭ ሥጋ ይዛ በቆሎ ወደ ዘረጋችው ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ሥጋውን ታሳያለች። ሌላዋ በጣቷ ጫን ብላ ውፍረቱን ታየዋለች። ከዚያ መቁጠር ነው። አቆጣጠሩ በስድስት ነው የሚሄደው፣ ስድስቱ አንድ ሙንጋ ይባላል። ስድስት ራስ በቆሎ፣ ወይ ስድስት ሙዝ፣ ወይ ሁለት ሙንጋ እንደ ሥጋው መጠን። ብዙ ክርክር የለም። አንዷ ራሷን ከነቀነቀች ሌላዋ ሳትቆጣ ታልፋለች።

እዚያ ቆሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። አንዲት አሮጊት፣ የተራራ ሰው፣ በቆሏቸው ትንንሽ ነበር። ዝናቡ አልዘነበም። የባሕሯ ሴት ስድስቱን ቆጠረች፣ አየቻቸው፣ ሥጋውን ሰጠቻቸው። ከጎኗ የነበረችው ወጣት በዓይኗ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ የመለሰችላትን አስተርጉሜ ነው የሰማሁት፦ «በሚቀጥለው ዓመት እኛ ባዶ እጃችንን እንመጣለን።» ባሕሩ እንዲህ ነውና። በአንዳንዱ ዓመት ከሃያ በላይ ዓሣ ነባሪ ይገኛል፣ በሌላው ሁለት ሦስት። ገንዘብ ቢሆን ዋጋው ይንር ነበር። እዚህ ግን ስድስቱ ስድስት ነው።

ያረፍኩበት ቤት የነበሩት ማማ (በዚያ አገር በዕድሜ የገፋችን ሴት ሁሉ ማማ ብሎ ነው የሚጠራው) ከገበያው መልስ በቆሎውን እንዲህ ነበር የሚሠሩት። የሸክላ ድስት እሳት ላይ ይጣዳል፣ ፍሬው ይቆላል። ከፊታቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በቀኝ እጃቸው መጅ የሚመስል ድንጋይ። በግራ እጃቸው በባዶ ጣታቸው ከሚነደው ድስት ውስጥ ሦስት አራት ፍሬ ያወጣሉ፣ ድንጋዩ ላይ ጣል፣ ጧ! አንድ ምት ብቻ። ፍሬዎቹ ተደፍጥጠው እንደ ወረቀት ይሳሳሉ። ሳይቀዘቅዝ ነው መመታት ያለበት፣ ከቀዘቀዘ ይሰባበራል። ጃጉንግ ቲቲ ይሉታል። ቆሎ ነው፣ ግን የተጠፈጠፈ ቆሎ። ጣታቸውን አየሁት፣ ቆዳው ጠንክሮ እንደ ቀንድ ሆኗል። አንዴ ልሞክር ብዬ ጣቴን ከትቼ ጮኬ አወጣሁት፣ ማማ እጄን ይዘው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከሩልኝ። ከዚያ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

ወጡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሽፈራው ቅጠል ነው። አዎ፣ የእኛው ሽፈራው፣ ኮንሶና ጋሞ የሚበላው። ኬሎር ይሉታል፣ በየደጁ አለ።

አሁን ደግሞ ነገሩን እንዳላሳምርባችሁ። የሩቅ መንደርን አይቶ «አቤት ሰላማዊ ኑሮ» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፣ እኔ ያንን አልልም። ደረቁ ወቅት ረጅም ነው፣ ውሃ ጭንቅ ይሆናል። ወባ አለ። በ2022 በተደረገው አገራዊ ጥናት ምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 35.3 በመቶው በቁመታቸው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከአገሪቱ ክፍለ ሀገራት ሁሉ የባሰው ቁጥር ይሄ ነበር። እናት ምጥ ቢጠናባት ያ መንገድ ነው ያለው፣ ያ የጭነት መኪና። መንግሥት ከ2015 ጀምሮ ለየመንደሩ በቀጥታ በጀት ይልካል፣ በ2014 በወጣው የመንደር ሕግ መሠረት፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ቦታ መንገድና የውሃ ቧንቧ ተሠርቶበታል። ግን ሐኪም በበጀት አይገዛም። ሐኪሙ ራሱ መምጣትና መቆየት አለበት።

ትምህርት ላይ ግን ይሄ መንደር ይገርማል። ጎሪስ ኬራፍ የሚባሉት፣ የኢንዶኔዥያ ተማሪ ሁሉ የቋንቋ መጽሐፋቸውን የሚያውቀው ምሁር፣ በ1936 የተወለዱት ላማሌራ ነው። የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በእናታቸው ቋንቋ፣ በላማሌራ ቀበልኛ ላይ ነው። ከ1999 እስከ 2001 የኢንዶኔዥያ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ሶኒ ኬራፍም የዚሁ መንደር ልጅ ናቸው። የዓሣ ነባሪ አዳኞች መንደር የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር አወጣ።

በስብሰባው ላይ ያለ ጥርጥር የሚነሣው ጥያቄ ተነሣ። አንዲት እህት፣ «እነዚህ እንስሳት እየጠፉ አይደለም ወይ? ለምን ይገድሏቸዋል?» አለች። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሴ ይሄ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በፋብሪካ መርከብና በመድፍ የተገደለው ዓሣ ነባሪ ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋል። ባሕሩን ያራቆተው ያ ነው እንጂ ከቀርከሃ ላይ የሚዘል ሰው አይደለም። በ1986 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ እገዳም የመጣው የንግድ አደኑን ለማቆም ነው፤ ኢንዶኔዥያም እገዳውን ያወጣው የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን አባል አይደለችም። በ2009 መንግሥት የሳዉን ባሕር የተጠበቀ የባሕር ፓርክ ሊያደርገው ሲነሣ የላማሌራ ሰዎች ተቃወሙ፣ የእነሱ ውሃ ከካርታው ወጣ። እኔ እዚህ ላይ ከእነሱ ጋር ነኝ። እነሱ የሚያድኑት፣ ማንታ ሬይ የሚባለው ክንፋማው ዓሣ ላይ ግን ልቤ ለሁለት ይከፈላል። በ2014 በመላው ኢንዶኔዥያ ታገደ። ማንታ በስንት ዓመት አንድ ልጅ ነው የሚወልደው፣ በንግድ ከተያዘ አይተርፍም፤ እገዳው ምክንያት አለው። ግን ሕጉ ሲመጣ ያቺ የሳፋዋ ሴት በምትኩ ምን ይዛ ተራራ ትውጣ? ይሄን መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ከእሷ ጋር መነጋገር ይገባ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሞተር ነው። ከ2000 ወዲህ ሞተር የሌለው ጀልባ እያነሰ ሄዷል። ሽማግሌዎቹ ለረጅም ጊዜ ለኮተክሌማ በቀዘፋ ብቻ ነው የሚወጣው ብለው ይዘው ነበር፣ በኋላ ሞተሩ ቴናውን መጎተት ጀመረ። አልፈርድባቸውም፣ ሕይወት ያተርፋል። ግን ሞተር ቤንዚን ይጠጣል። ቤንዚን በስድስት ራስ በቆሎ አይገዛም፣ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። ጥሬ ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ ከተያዘው ላይ መሸጥ አለበት። የተሸጠው ሥጋ ወደ ሌዎሌባ ይሄዳል፣ ባሏ ወደ ሞተባት ጎረቤት አይደርስም። መረቡም እንደዚያው። ቴና የጎሳ ነው፣ ሃምሳ ሰው ድርሻ አለበት፤ መረብና ትንሽ ጀልባ ግን የአንድ ሰው ነው፣ የያዘውን ለማንም ማካፈል ግዴታው አይደለም። ማንም ክፉ ሳይሆን፣ ማንም ሳይስገበገብ፣ የአሮጊቷ መደብ በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ እየቀጠነ ይሄዳል። ላማሌራ ላይ የሚደርሰውን አደጋ ሰዎች ከውጭ ሕግ ሲጠብቁት፣ በቤንዚን ጄሪካን በኩል እየገባ ነው።

ወጣቱ ደግሞ ይሄዳል። ከሌምባታና ከአካባቢው ደሴቶች ወንዶች ማሌዥያ ገብተው በሳባህ የዘንባባ ዘይት እርሻዎች ላይ ይሠራሉ፣ ይሄ ዛሬ የጀመረ አይደለም፣ የአያቶች ዘመን ነገር ነው። አንዳንዱ ቤት ይሠራል፣ አንዳንዱ አይመለስም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጅ ወይ እህት ዐረብ አገር ያልላከ ሰው ጥቂት ስለሆነ ይሄን ማብራራት አልፈልግም።

የማማም ትንሹ ልጅ እዚያ ነው። እኔ እያለሁ አንድ ማታ በቪዲዮ ደወለ። ኔትወርኩ ቤት ውስጥ ስለማይይዝ ግቢው ጥግ ካለች ድንጋይ ላይ ወጥተን ነው የምናወራው። ማማ ስልኩን አዙረው የተሰቀለውን ሥጋ አሳዩት። ልጁ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ የትኛው ጀልባ እንደያዘው ጠየቀ፣ ማን ጦር እንደወረወረ ጠየቀ፣ ጎረቤት ያሉት መበለት ደረሳቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ደርሷቸዋል አሉት። ሊዘጋ ሲል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከመንደሩ ወደ ሳባህ የሚመለስ ሰው እንዳለ ነገራቸው፣ ጃጉንግ ቲቲ ላኪልኝ አለ።

ማማ እሳቱን እንደገና አቀጣጠሉት። እኔ ስተኛ ጧ፣ ጧ የሚለው ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ሌሊት ስነቃም ይሰማ ነበር። ጠዋት ላይ ባዶ የነበረው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ እስከ አፉ ሞልቷል፣ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጓል፣ ማማም ሳፋቸውን ይዘው ወደ ተራራው ወጥተዋል።